ቪዲዮአችሁ በደካማ ኔትወርክም እንዲከፈት፦ ከቀረጻ እስከ ድረ ገጽ

ባሕር ዳር፣ ዋይፋይ ያለበት ቢሮ ውስጥ ስትከፍቱት ቪዲዮው ያለ ችግር ይሠራል። ፍኖተ ሰላም ያለው ደንበኛ በስልኩ ሲነካው ግን ክቧ ትሽከረከራለች። ሰውየው ትንሽ ይጠብቃል፣ ዳታው ሲያልቅበት ይታየዋል፣ ከዚያ ዘግቶ ይሄዳል።

ሁሉም ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል። ኔትወርኩ ድርሻ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ፋይሉ ላይ ነው። ከስልክ እንደወጣ፣ ምንም ሳይነካ ገጹ ላይ የተሰቀለ ፋይል በደህና ኔትወርክም ያስቸግራል።

መመሪያው ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለጣና ጀልባ ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማር ሻጭ ገጽ ለምትሠሩ ነው። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 1ን።

የሚያስፈልጋችሁ

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ላፕቶፕ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት መሀል ላይ ከሄደ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል።
- ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ የቪዲዮ መጭመቂያ። ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት። መጀመሪያ ስትከፍቱት «ዶትኔት» የሚባል ተጨማሪ ነገር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ዳታ ስለሚበላ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጨርሱት።
- ቪኤልሲ ማጫወቻ፣ ፋይልዚላ (ፋይል ወደ ድረ ገጽ መጫኛ) እና ኖትፓድ።
- አንድ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ ሲም ካርድ ያለበት። ይሄ ለመፈተሻ ነው። የራሳችሁን ጥሩ ስልክ ለዚህ አትጠቀሙ፤ ይዋሻችኋል።
- ባዶ ቦታ። አንድ ደቂቃ የስልክ ቪዲዮ በ1080ፒ (የምስሉ ቁመት 1080 ነጥብ ሲሆን) እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ሊይዝ ይችላል።

ደረጃ 1፦ መጠኑን ከቀረጻ በፊት ወስኑ

ብዙ ሰው ይቀርጽና «አሁን እንዴት ላሳንሰው?» ይላል። መጀመሪያ ተመልካቹ ስንት ሜጋ ባይት ሊያወጣ እንደሚችል አስቡ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የምስሉን ቢትሬት (በሰከንድ የሚወስደውን ኪሎ ቢት) እና የድምፁን ቢትሬት ደምሩ፣ በ60 አባዙ፣ ለ8 አካፍሉ። የአንድ ደቂቃው መጠን በኪሎ ባይት ይወጣላችኋል።

ለምሳሌ ምስሉ 700 ኪሎ ቢት በሰከንድ፣ ድምፁ 64 ቢሆን ድምሩ 764 ነው። በደቂቃ ወደ 5.7 ሜጋ ባይት ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ማለት ወደ 11.5 ሜጋ ባይት ነው። ይህ ለ480ፒ ቪዲዮ ጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቪዲዮ ከሆነ 360ፒ ይበቃል። ምስሉን 350፣ ድምፁን 48 አድርጉት። በደቂቃ 3 ሜጋ ባይት ገደማ ነው።

ርዝመቱን ደግሞ ያለ ርኅራኄ ቁረጡት። ለመግቢያ ገጽ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አያስፈልግም። ረጅሙን ዩቲዩብ ላይ ስቀሉትና ከገጻችሁ ሊንክ ስጡ። ዩቲዩብ እንደ ተመልካቹ ኔትወርክ ጥራቱን ራሱ ይቀያይራል፤ ከአንድ የራሳችሁ ፋይል ይህን አትጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ለመጨመቅ እንዲመች አድርጋችሁ ቅረጹ

መጀመሪያ የስልኩን ቅንብር አስተካክሉ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ሳምሰንግ ላይ የካሜራው ቅንብር ውስጥ «ሃይ ኢፊሸንሲ» የሚለውን አጥፉ። እነዚህ ሲበሩ ስልኩ የሚቀርጸው ኤች.265 በሚባል አቀራረጽ ነው። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮችና ብሮውዘሮች ድምፁን ያሰማሉ እንጂ ምስሉን አያሳዩም። ኤችዲአር (ብርሃኑንና ጥላውን አስፍቶ የሚቀርጸው ቅንብር) ካለም አጥፉት፤ ኋላ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቪዲዮ የሚጨመቀው ከአንዱ ምስል ወደሚቀጥለው ያልተለወጠው ክፍል ስለማይደገም ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር የሚንቀሳቀስበት ምስል አይጨመቅም። ጎጃም ውስጥ ሰው መቅረጽ የሚወደው ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

ጢስ ዓባይን ውሰዱ። ከክረምቱ ማግስት ውሃው ሞልቶ ሲወርድ እያንዳንዱ ነጥብ በየቅጽበቱ ይለወጣል። ጭጋጉ አለ፣ ፍንጣቂው አለ። አንድ ደቂቃ ፏፏቴ ከአምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሊከብድ ይችላል። ነፋስ የሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳም እንደዚሁ ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ስልኩን ትሪፖድ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡ። ካሜራው ራሱ ሲንቀሳቀስ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።
2. ፏፏቴው ምስሉን በሙሉ አይሙላው። ቋጥኙ፣ ሰማዩና ማዶው ይግቡበት።
3. ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ብቻ ተጠቀሙ። ቀጥላችሁ ረጋ ወዳለ ምስል እለፉ።
4. ሌንሱን በየጊዜው ጥረጉ። ጭጋጉ ሳታስቡት ይጋርደዋል።

ጨለማም ጠላት ነው። ዘጌ ገዳማት ውስጥ፣ ለምሳሌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ብርሃኑ ትንሽ ነው። ስልኩ ጨለማውን ለማካካስ ሲሞክር ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያመጣል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ደግሞ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። የግድግዳውን ሥዕል ከፈለጋችሁ በቪዲዮ ፋንታ ፎቶ አንሡና ፎቶውን ለጥቂት ሰከንድ አሳዩ። ጥርት ብሎ ይታያል፣ ክብደትም የለውም። መቅረጽም ሆነ ፎቶ ማንሣት ይቻል እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አባቶችን ጠይቁ። ፍላሽ አታብሩ።

ድምፅ፦ ፏፏቴው አጠገብ ሰው አታናግሩ። ራቅ ብላችሁ፣ በሁለተኛ ስልክ፣ ስልኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ቅረጹ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀረጻ አይሞከርም፤ ዝናቡ ሲመጣ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን ሳይበላሽ ወደ ላፕቶፑ አምጡ

በኬብል አምጡት። ጓደኛችሁ ደጀን ሆኖ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ «እንደ ፋይል» እንዲልከው ንገሩት። እንደ ቪዲዮ ከላከው ቴሌግራም ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። እናንተ ደግሞ እንደገና ስትጨምቁት ፊት ሁሉ የተጣበቀ አራት ማዕዘን ይሆናል።

ዋናውን ፋይል «ዋና» በሚል ፎልደር አስቀምጡ። ከዚህ ፎልደር ላይ ምንም አትሰርዙ፣ ምንም አትቀይሩ።

ደረጃ 4፦ በሃንድብሬክ መጭመቅ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

1. ቪዲዮውን ጎትታችሁ ሃንድብሬክ ላይ ጣሉት።
2. ከፕሪሴት (የተዘጋጀ ቅንብር) ዝርዝር «ፋስት 480ፒ30» ምረጡ። ሌላውን ሁሉ ከዚህ ተነሥተን እናስተካክላለን።
3. «ሰመሪ» በሚለው ገጽ ፎርማቱ ኤምፒ4 መሆኑን እዩ። እዚያው «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበት። ይህቺ ሳጥን ከሁሉም በላይ ትበልጣለች። ኤምፒ4 ፋይል ውስጥ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ክፍል አለ፤ ብሮውዘሩ እሱን ሳያነብ ማጫወት አይችልም። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማውጫው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ብሮውዘሩ እሱን ፍለጋ መጨረሻ ድረስ ይሄዳል። ሰርቨሩ (ገጻችሁ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) መዝለል ካልፈቀደለት ደግሞ ሙሉውን ሳያወርድ አይጀምርም።
4. «ቪዲዮ» የሚለው ገጽ ላይ ኢንኮደሩ ኤች.264 ይሁን። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል፣ ያጓጓል። እምቢ በሉት፤ የወረዳ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ላይከፈት ይችላል።
5. ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) 25 ወይም 30 አድርጉ፣ «ኮንስታንት» የሚለውንም ምረጡ። የስልክ ቀረጻ ፍሬሙ ስለሚዋዥቅ ድምፁና ከንፈሩ ቀስ በቀስ ይለያያሉ።
6. ጥራቱን ከሁለት መንገድ በአንዱ ወስኑ። ረጋ ላለ ቪዲዮ «ኮንስታንት ኳሊቲ» ምረጡና አርኤፍ የሚለውን ቁጥር 24 ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ሲጨምር ፋይሉ ያንሳል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ፏፏቴ፣ ማሳ ወይም የጥምቀት ሕዝብ ላለበት ቪዲዮ ግን ይህን አትጠቀሙ፤ የፋይሉ መጠን ከእጃችሁ ይወጣል። «አቨሬጅ ቢትሬት» ምረጡ፣ 700 ጻፉ፣ «መልቲ ፓስ» የሚለውንም አብሩ። ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍበት ይቆያል፤ መጠኑ ግን ባሰላችሁት ልክ ይወጣል።
7. «ኦዲዮ» ላይ ኤኤሲ፣ ሞኖ፣ 64 አድርጉ። ማሲንቆ ወይም መዝሙር ካለበት ወደ 96 ወይም 128 ከፍ አድርጉት። የማሲንቆ ቀጭን ድምፅ በ64 ይሰነጠቃል።
8. ከመጀመራችሁ በፊት «ፕሪቪው» ክፈቱና 30 ሰከንድ ሞክሩ። በጣም እንቅስቃሴ ያለበትን ቦታ ምረጡ። እሱ ደህና ከሆነ ሌላውም ደህና ነው።
9. «ስታርት ኢንኮድ»።

ካለቀ በኋላ የፋይሉን ስም መጨረሻ እዩ። ኤም4ቪ የሚል ከሆነ ወደ ኤምፒ4 ቀይሩት፤ ውስጡ አንድ ነው። ስሙን ደግሞ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ያለ አማርኛ ፊደል ጻፉ። ብዙ ሰርቨሮች ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያያሉ። ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ ኢንተርኔት ላይ «አልተገኘም» የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ደረጃ 5፦ ከሥር የሚሄድ ጽሑፍ

ሰው ሚኒባስ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው። ጽሑፍ አስገቡ።

ኖትፓድ ክፈቱ። የመጀመሪያው መስመር ላይ WEBVTT ብላችሁ በላቲን ትልልቅ ፊደል ብቻ ጻፉ። አንድ መስመር ዝለሉ። ከዚያ ሰዓቱን፣ ከሥሩ ጽሑፉን አስገቡ፦

00:00:05.000 --> 00:00:08.500
ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከሰከንዱ በኋላ ነጥብ ነው እንጂ ኮማ አይደለም። ኮማ ከገባ ያ ጽሑፍ አይታይም፣ ስሕተት መኖሩንም የሚነግራችሁ የለም።

ስታስቀምጡ የፋይሉ ስም መጨረሻ .vtt፣ «ኢንኮዲንግ» የሚለውም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ። አለዚያ ፊደላችሁ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን ከድሮ ሰነድ የምትቀዱ ከሆነም ተጠንቀቁ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ነገር ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። እሱን እንደገና መተየብ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ገጹ ላይ አስገቡት

ኤችቲኤምኤል የምትጽፉ ከሆነ የቪዲዮው ታግ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ ኮንትሮልስ (ማጫወቻ ቁልፎቹ እንዲታዩ)፣ ፕሌይስኢንላይን (አይፎን ላይ ሙሉ ስክሪን እንዳይዝ)፣ ፕሪሎድ ዋጋው «ነን»፣ ፖስተር (ቪዲዮው ከመነካቱ በፊት የሚታየው ምስል)፣ እንዲሁም ስፋትና ቁመት። የደረጃ 5ን የጽሑፍ ፋይል በትራክ ታግ እዚያው አስገቡት።

ፕሪሎድ «ነን» ሲሆን ሰውየው እስኪነካው ድረስ ቪዲዮው አይወርድም። የሰው ዳታ ያለ ፈቃዱ አይበላም ማለት ነው። አውቶፕሌይን (ቪዲዮው ሳይነካ ራሱ እንዲጀምር ማድረግን) አትጠቀሙ። ድምፅ ካለው ብሮውዘሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ይከለክሉታል፤ ድምፅ ከሌለው ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ነገር በሰው ካርድ ታጫውታላችሁ።

ፖስተሩ ከቪዲዮው የተወሰደ አንድ ጥሩ ምስል ይሁን። ከ60 ኪሎ ባይት አይብለጥ። ምስሉ ላይ «2 ደቂቃ፣ 11 ሜጋ ባይት» ብላችሁ ጻፉበት። ይህን የሚያደርግ ገጽ ብዙም አላይም፤ ተመልካች ግን ከምንም በላይ ይወደዋል።

ደረጃ 7፦ አፕሎድ

ወርድፕረስ «ፋይሉ በዛ» ካላችሁ አትደንግጡ። ወርድፕረስ የሚሠራበት ፒኤችፒ ቅንብሩ ሳይነካ ሲቀር የሚፈቅደው 2 ሜጋ ባይት ነው። አስተናጋጁ (ገጻችሁን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት) ከፍ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፣ ወይም በፋይልዚላ ጫኑ።

ፋይልዚላ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ሲጠይቃችሁ «ሪዚዩም» በሉት እንጂ «ኦቨርራይት» አትበሉት። የሌሊት ጥቅል ካላችሁ ለዚህ ሥራ ይሁን። ሲያልቅ በግራና በቀኝ ያለውን የባይት ቁጥር አነጻጽሩ። በአንድ ባይት እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ጎዶሎ ነው።

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

ርካሹን ስልክ አንሡ። ዋይፋዩን አጥፉ። የኔትወርክ ቅንብሩን 3ጂ ላይ ብቻ አድርጉ። ገጹን በ«ኢንኮግኒቶ» ክፈቱ፣ አለዚያ ስልኩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ያሳያችኋል።

ሦስት ነገር እዩ። ከተነካ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ጀመረ? መሀል ላይ ቆመ ወይ? ጣታችሁን ወደ መጨረሻው ስትወስዱት እዚያው ይቀጥላል ወይስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል?

ደረጃ 9፦ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር

ደብረ ማርቆስ ያለ ትምህርት ቤት ላብ ወይም የእንግዳ ማረፊያ መቀበያ ላይ ያለ ስክሪን ያለ ኢንተርኔት ማጫወት ይፈልግ ይሆናል። ያው ፋይል ይሠራል፤ አዲስ አትጨምቁ። የራሳችሁን የዴስክቶፕ ፕሮግራም በኤሌክትሮን (በድረ ገጽ ቋንቋ ፕሮግራም መሥሪያ) የምትሠሩም ብትሆኑ የብሮውዘሩ ሞተር ውስጡ ስላለ ያንኑ ፋይል ያጫውታል።

ፓወርፖይንት ላይ ከሆነ ቪዲዮውን «ኢንሰርት» በሚለው ሰነዱ ውስጥ አስገቡት፤ በሊንክ አታያይዙት። በሊንክ የተያያዘ ቪዲዮ ፍላሹ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ገጹን በሙሉ በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ የፋይል አድራሻዎቹ በሲ ድራይቭ የሚጀምሩ እንዳይሆኑ፤ የፎልደሩና የፋይሉ ስም ብቻ ይጻፍ። ክሮም ደግሞ ከፍላሽ በቀጥታ በተከፈተ ገጽ ላይ የደረጃ 5ን ጽሑፍ አያሳይም፤ ለደኅንነት ሲል ይከለክለዋል። ለዚህ ኮፒ ጽሑፉን በቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም ምስሉ ላይ ጻፉት።

ሲበላሽ

*ድምፅ አለ፣ ምስል የለም።* ኤች.265 ነው። ቪኤልሲ ላይ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» ከፍታችሁ አረጋግጡ። ደረጃ 4ን ከዋናው ፋይል ድገሙ፤ ከተጨመቀው አይደለም።

*ለመጀመር ዘላለም ይፈጃል፣ ከጀመረ በኋላ ግን ደህና ነው።* «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» ተረስቷል።

*ይጀምራል፣ ከዚያ ይቆራረጣል።* ቢትሬቱ ለኔትወርኩ በዝቷል። 700ውን ወደ 450 አውርዱ፣ መጠኑንም ወደ 360ፒ። 480ፒን ይዛችሁ ቢትሬቱን ብቻ አታውርዱ፤ ምስሉ ይበሰብሳል።

*ወደፊት ሲገፋ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ወይም አይፎን ላይ ጭራሽ አይከፈትም።* ሰርቨሩ ፋይሉን ከመሀል ቆርጦ መስጠት አልቻለም። ይህን ራሳችሁ አታስተካክሉትም። ለአስተናጋጁ «ሬንጅ ሪኩዌስት እንዲፈቀድ፣ መልሱም 206 እንዲሆን» ብላችሁ ጻፉ። እምቢ ካለ ቪዲዮውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

*ላፕቶፑ ላይ ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ላይ «404» ይላል።* የስሙን ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ክፍተቱንም እዩ።

*ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል።* ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት ገጹ ላይ አብራችሁ አስቀምጡ። ቪዲዮው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ራሱ ሳጥን ከሆነ ግን ፎንቱን ማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ መርጣችሁ እንደገና አውጡት።

*ፍላሹ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል፣ ቦታ ግን አለ።* ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ዋናውን ቀረጻ ለማስቀመጥ ከሆነ ያለውን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጡና ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ለተመልካች የሚሄደው ፋይል 4 ጊጋ ባይት ከሆነ ግን ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።